ሁለት ኪሎኸርዝ

«እኔን ይሰሙኛል» አለኝ፣ «እኔ ግን አልሰማም፤
ስጠራ ይመልሳሉ፣ መልሱ ግን አይገባም።
የሰው ድምፅ ነው፣ አውቃለሁ፤
ቃሉን ግን ያኝከዋል አንዳች ነገር፣ ሳይደርስ እኔ ጋ፣
ዳክዬ ነው የሚመስል፣ ከጭቃ የሚዋጋ።
ይቺን ትንሿን ቁልፍ ደግሞ ባዞራት ባዞራት…»
አልጨረሰም። እኔ ነኝ ያላስጨረስኩት፤
ካቻቢቴዬን ይዤ ክዳኑን ከፈትኩት።

ዲሞና፣ ከሰዓት። ነፋሱ አሸዋ ያዘንባል፤
የሕንፃው መጠለያ የኔ ሱቅ ይባላል፤
የብረት በሩ ገርበብ፣ አምፖሉ ጥዝ ይላል።
አዛናው ፖታሽ ይጭናል፣ ከሙት ባሕር ሽቅብ፣
ሃያ ሁለት ዓመት በዚያው ጠመዝማዛ፣ ከዚያው ዳገት ግብግብ።
ስልክ ከማይይዘው ገደል፣ ከጨውና ከድንጋዩ መሐል፣
ይቺ ጥቁር ሣጥን ናት «ሰው አለ» የምትል።

አንቴናውን አልጠረጠርኩም።
የሚሄደው ድምፅ በዚያ ወጥቶ ከደረሰ ካሰበበት፣
የሚመጣውን ምን ያግደዋል፣ መንገዱ አንድ፣ በሩ አንድ ቤት?
ድምፅ ማጉያው ይጮኻል። ቮልቱ አስራ ሦስት ነጥብ ስምንት።
ማይኩን ተጫንኩና ቆጣሪውን አየሁት፤
ሃያ ሰባት ነጥብ አንድ ስምንት አምስት።
ቻናል አስራ ዘጠኝ፣ ልክ እንደተወለደበት።
ማይኩን ለቀቅኩት።
ኦሲሌተሩ፣ ወደ መስማት ሲዞር፣
አስራ ስድስት ነጥብ አራት ዘጠኝ ዜሮ ሊል ሲገባው፣
አራት ዘጠኝ ሁለት አለ።
ሁለት ኪሎኸርዝ።
ምን አላት? እንግዳ በር ሲያንኳኳ
መስኮት ከፍቶ እንደማየት ናት።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔም አፈሰስኩ።
ትንሿን ጥቅል ሽቦ፣ አናቷ በሰም የታሸገውን፣
በመበየጃው ጫፍ ነካኋት።
ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይታያል ሲባል ያደግኩ ሰው ነኝ፤
መዳብ ነው ያገኘሁት። ሩብ ዙር አዞርኩት።
መቀበያው ልኩ መጣ! እሰይ ብዬ ማይኩን ተጫንኩ፤
መላኪያው ሁለት ወረደ።
አሁን ደግሞ እሱ ሊሰማ፣ እነሱ ሊደነቁሩ።
ሩብ ዙሩን መለስኩ። ማንም አላየኝም፣ ግን አፈርኩ።
ከዓርብ በተረፈ ሻማ ሰሟን ተካሁላት።

እንግዲህ ሁለቱ የሚጋሩት ጤነኛ ከሆነ፣
ሕመሙ ያለው ሲሰማ ብቻ በሚነቃው ነው፣
ሲናገር በሚተኛው።
መስመሩን ተከትዬ ከዲዮዱ ወደ ሽቦው፣
ከሽቦው ወደ ቁልፏ ደረስኩ።
ወደዚያች ትንሽ ቁልፍ።
ባዞራት ባዞራት፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም።
እጄን አነሳሁ።
ሲገባ ነግሮኝ ነበር።

ሦስተኛ እግሯ ላይ፣ ወደ መሬት በሚወርደው፣
በብየዳው ዙሪያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ።
የሃያ ሁለት ዓመት ጉድጓድ፣ ፍሬን፣ ጨው፣
ያን ሁሉ መንገድ ይዛ የቆየችው በዚህች ቅንጣት ነው።
አንድ ጠብታ የቀለጠ እርሳስ። ጭስ። እፍ።
ቁጥሩ ወረደ፤ ሁለት፣ አንድ፣ ዜሮ።

ከመጠለያው እስከ ጣሪያ በዘረጋሁት ሽቦ
አንድ ድምፅ ገባ፣ ዕብራይስጥ፣ በበረሃ ዐረብ ለዛ፤
«ወደ ዓራድ የምትወጡ፣ ከሁለተኛው ጠመዝማዛ
ግመል ተኝታለች፣ ከነልጇ፤ ቀስ በሉ፣ አታስደንግጧት።»
ሌላው ሳቀ። ሌላው «ተሰምቷል» አለ።
አዛናው ማይኩን አንስቶ ነበር፤ አልተጫነውም፤
ደረቱ ላይ ያዘው፣ እንደ ባርኔጣ።

«ሒሳቡ ስንት ነው?» አለኝ።
ግመሏ ተነሣች ይላሉ። ልጇ ግን እምቢ ብሏል።
«ስንት ነው?» አለኝ ደግሞ።